የአንድ ከረጢት ዩሪያ ሥራ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከቢቸና ነው፤ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። አባቴ ጤፍና ስንዴ ያርሳሉ። ሰሞኑን ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ ግማሽ ሊትር ፈሳሽ ይዞ ‹ናኖ ማዳበሪያ ነው፤ አንዱ ጠርሙስ የአንድ ከረጢት ዩሪያ ሥራ ይሠራል› ብሎ ሊሸጥላቸው ነበር። ዩሪያው በወቅቱ አይደርስም፣ ዋጋውም አይቀመስም፤ ስለዚህ አባቴ ልባቸው ተከፍሏል። እኔ ናኖ ለካንሰርና ለክትባት ይሆናል ሲባል እሰማለሁ። ጓደኞቼ ደግሞ ሰውነት ውስጥ የሚቀበር መቆጣጠሪያ ነው ይላሉ። የቱ ነው እውነቱ? ደግሞስ የኛ ገበሬ መሞከሪያ እየሆነ አይደለም ወይ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አጭሩን ላስቀድም። ነጋዴው ያለው ልክ አንተ እንደጻፍከው ከሆነ አባትህ ገንዘባቸውን ይያዙ። ናኖ ቴክኖሎጂ፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ በሆነ ቅንጣት የሚሠራው ሙያ፣ ውሸት ሆኖ አይደለም፤ እኔ ራሴ የማስተምረውና እንጀራ የምበላበት ሙያ ነው። አልገጥም ያለኝ የጠርሙሱ ሂሳብ ነው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ዩሪያ ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን፣ ማለትም ሰብሉን የሚያሳድገው ንጥረ ነገር ነው። 50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው። ነጋዴው የያዘውን ጠርሙስ አላየሁትም። የዚህ ዓይነት ምርት ሲነሳ በዓለም ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ግን ኢፍኮ የተባለው የሕንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ድርጅት በ2021 ለገበያ ያወጣው ናኖ ዩሪያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያ ምርት መጀመሪያ ሲወጣ የናይትሮጅን መጠኑ 4 በመቶ ነበር። በግማሽ ሊትር 20 ግራም ይሆናል። አራት ወይም አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ይመዝናል። ከ23 ኪሎው አንጻር ከሺህ እጅ በላይ ያነሰ ነው። ድርጅቱ ግን አንዱ ጠርሙስ 45 ኪሎ ዩሪያ ይተካል ብሎ ነበር ያስተዋወቀው።

አሁን ወደ አባትህ ማሳ እንምጣ። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ 5 ኩንታል ጤፍ ሰጠ እንበል። የጤፍ ፍሬ ከመቶው አሥር ያህሉ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ደግሞ ከስድስት አንድ እጅ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ሲባዛ ሲካፈል 8 ኪሎ ግድም ናይትሮጅን በፍሬው ብቻ ከማሳው ወጥቶ ጎተራ ይገባል። ገለባውን አልቆጠርኩም። ያ 8 ኪሎ የመጣው ከአፈሩ፣ ከፍጉ፣ ካለፈው ዓመት ማዳበሪያ ወይም ዘንድሮ ከተጨመረው ነው። ከ20 ግራም ሊመጣ አይችልም። ቅንጣቱን የፈለግኸውን ያህል ብታሳንሰው ናይትሮጅን አይራባም።

ነጋዴው እዚህ ላይ ዝም እንደማይል አውቃለሁ። «ዩሪያው እኮ አብዛኛው ይባክናል» ይልሃል። እውነቱን ነው። ከምትበትነው ናይትሮጅን ሰብሉ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው። ቀሪው በጎርፍ ይታጠባል፣ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ወይም ጋዝ ሆኖ ይበናል። በተለይ እናንተ አካባቢ ጥቁር አፈር ላይ ውኃ ሲተኛ ብክነቱ ይብሳል። ይሁን፣ ከሦስት እጅ ሁለቱ ይባክን እንበል። ከ23ቱ ኪሎ ከ7 በላይ ይተርፋል። ከጠርሙሱ አንዲት ጠብታ ሳትባክን ብትቀር እንኳ ያው 20 ግራም ናት።

ቀጥሎ «ናኖው ቅጠሉን አነቃቅቶ ናይትሮጅንን ከአየር ያስወስደዋል» ሊልህ ይችላል። ይህን እንኳ ለጎጃም ገበሬ አይንገሩት። ከአየር ናይትሮጅን የሚስበው ማን እንደሆነ ግብጦ የዘራ ሰው ያውቃል። ግብጦንና ባቄላን ነቅለህ ሥሩን ብታይ ትናንሽ እብጠቶች አሉ። ሥራው ያለው እዚያ ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ላይ ነው። ጤፍና ስንዴ እንዲህ ያለ እብጠት የላቸውም፤ ፈሳሽ ስለተረጨባቸውም አያበቅሉም።

የሕንዱ ጉዳይ በክርክር ብቻ አልቀረም። የፓንጃብ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሚመከረው ዩሪያ ከፊሉን በናኖ ዩሪያ ተክተው ሞክረውት የስንዴውም የሩዙም ምርት ቀነሰ። የፍሬው ናይትሮጅንም አብሮ ወረደ። በ2023 ደግሞ ሁለት የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች ሳይንሳዊ መሠረቱ አያሳምንም ብለው በሙያ መጽሔት ላይ በግልጽ ሞገቱ። ኢፍኮ ኋላ ላይ የናይትሮጅን መጠኑን ከፍ አድርጎ ሌላ ምርት አውጥቷል። መጠኑ አምስት እጥፍ ቢያድግ ግን 100 ግራም ነው፤ ሂሳቡን አንተው ጨርሰው።

«ታዲያ ጎረቤታችን ረጭቶ ሲለመልም አይተናል» ብትለኝ አይገርመኝም። ቅጠል ላይ የሚረጭ ናይትሮጅን ትንሽም ቢሆን ቅጠሉን ለጊዜው አረንጓዴ ያደርገዋል። አፈር ውስጥም የቆየ ናይትሮጅን አለ፤ ለአንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ለሁለት ያዘልቃል። ገበሬው ዩሪያውን ሲተው የሚበላው ያንን ተቀማጭ ነው። ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ኋላ ላይ ሲሆን፣ ያኔ ነጋዴው ሌላ ገበያ ላይ ነው።

አሁን ስለ ናኖ ራሱ ላውራህ፣ ስሙ ከነጋዴው ጋር አብሮ እንዳይጠፋ። ናኖ የመጠን ስም ነው። አንድ ሚሊሜትርን ለአንድ ሚሊዮን ብትከፍል አንዱ ክፋይ አንድ ናኖሜትር ይሆናል። የሰው ፀጉር ውፍረቱ ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ይደርሳል። በሙያው ልማድ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ያለው ነገር ናኖ ይባላል። ቃሉ ስለ ጥራት፣ ስለ ጥንካሬ ወይም ስለ አደጋ ምንም አይነግርህም። ዋናው ጉዳይ አንድ ነገር እዚህ መጠን ላይ ሲደርስ ጠባዩ መለወጡ ነው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የወባ ወቅት ሲሆን ጤና ኬላ ሄደህ ታውቅ ይሆናል። ጣትህ ትወጋለች፣ ጠብታ ደም በትንሿ ፕላስቲክ ቀዳዳ ትገባለች፣ ከዚያ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ይጨመራል። አሥራ አምስት ደቂቃ ትጠብቃለህ። አንድ ቀይ መስመር ወጣ፣ ነጻ ነህ። ሁለት ወጣ፣ ወባ አለብህ። ያ ቀይ ነገር በአብዛኞቹ መመርመሪያዎች ላይ ቀለም አይደለም፤ ወርቅ ነው። አዎ፣ ወርቅ። መጠኑ ወደ ጥቂት አሥር ናኖሜትር ሲወርድ ቢጫነቱን ትቶ ቀይ ይሆናል። እያንዳንዱ የወርቅ ቅንጣት ላይ የወባውን ተሐዋሲ ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ተለጥፏል። ደሙ ውስጥ ፕሮቲኑ ካለ ወርቁ ይዞት በወረቀቷ ላይ ይሳባል። መስመሩ ጋ ሲደርስ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ያስቀረዋል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቅንጣቶች አንድ ቦታ ሲከማቹ ዓይንህ መስመር ያያል። መብራት አይፈልግ፣ ማይክሮስኮፕ አይፈልግ። ገንዘቡም አያስደነግጥ፤ በአንዷ ውስጥ ያለው ወርቅ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የእርግዝና መመርመሪያዋም የዚችው እኅት ናት። ማይክል ፋራዴይ ለንደን ውስጥ ይህን ቀይ ወርቅ በውኃ በጥብጦ ያጠናው በ1857 ነው። ናኖ የሚለው ስም ገና አልተወለደም ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ መድኃኒት ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ከሚወርዱት የጎጃም ልጆች መካከል ካላዛር ይዞት የተመለሰ ታውቅ ይሆናል። አሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። አምፎቴሪሲን ቢ የሚባለው መድኃኒት ተሐዋሲውን ይገድላል፣ ግን ኩላሊትም ይጎዳል። ያንኑ መድኃኒት ከ100 ናኖሜትር ባነሰች የስብ ቅንጣት ውስጥ ሲያስገቡት ጉዳቱ በጣም ቀነሰ። በካንሰርም እንዲሁ ነው። ዶክሶሩቢሲን የተባለው መድኃኒት በስብ ተጠቅልሎ በ1995 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ አንዱ ጥቅሙ በልብ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መቀነሱ ነው።

የመቆጣጠሪያውን ወሬ በአጭሩ ልዝጋው። አንዳንዶቹ የኮቪድ ክትባቶች፣ የፋይዘርና የሞደርና ማለቴ ነው፣ 100 ናኖሜትር ገደማ የሆነ የስብ ቅንጣት ይጠቀማሉ። ስቡ የሚያገለግለው ቶሎ የሚፈርሰውን የዘር መልእክት፣ ኤምአርኤንኤ የሚባለውን፣ ሴል ውስጥ ለማድረስ ነው። ባትሪ የለው፣ አንቴና የለው። ስልክህ ያን ያህል ባትሪ ይዞ እንኳ ሸለቆ ስትገባ ኔትወርክ ያጣል።

ወደ እርሻው ልመለስ፤ ናኖ ለገበሬ አይረባም ብዬ እንዳላሳስትህ። ሰብል ናይትሮጅንን በኪሎ ይፈልጋል፣ ዚንክን ግን በግራም። ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ዚንክ የጥቂት መቶ ግራም ጉዳይ ስለሆነ በጠርሙስ የሚመጣ ነገር እዚያ ላይ ሊያዋጣ ይችላል። ፀረ ተባይ መድኃኒትን በናኖ ከረጢት አሽጎ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ማድረግም ትርጉም ያለው ሥራ ነው፤ የሚረጨው መጠን ይቀንሳል። በአንጻሩ የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ደጋ አሲዳማ አፈር ናኖ አይፈውሰውም። እዚያ የሚያስፈልገው ኖራ ነው፣ ያውም በኩንታል።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄህ፣ «መሞከሪያ እየሆንን አይደለም ወይ» ወዳልከው ልምጣ። ከሁሉም የወደድኩት ይሄን ነው። ሰው ስለ ናኖ ሥነ ምግባር ሲያወራ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያራባ ሮቦት ዓለምን ሲበላ ያስባል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ይልቅ አባትህ ሊያነቡት በማይችሉት ቋንቋ የተጻፈው ምልክት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምግብና መዋቢያ ውስጥ ናኖ ካለ ንጥረ ነገሩ ዝርዝር ላይ በቅንፍ «ናኖ» ተብሎ እንዲጻፍ በሕግ ያስገድዳል። እዚያ ያለው ሸማች ማወቅ ከቻለ እዚህ ያለው የማይችልበት ምክንያት የለም።

ማወቅ የሚያስፈልገውም በከንቱ አይደለም። ቅንጣት ሲያንስ ጠባዩ ይለወጣል ብዬሃለሁ፤ ጉዳቱም ሊለወጥ ይችላል። የካርቦን ናኖ ቱቦ ከብረት የጠነከረ ድንቅ ነገር ነው። በ2008 የወጣ ጥናት ግን ረጅምና ግትር የሆኑት ቱቦዎች በአይጥ ሰውነት ውስጥ ልክ እንደ አስቤስቶስ ቁስለት እንደሚያስነሱ አሳየ። አስቤስቶስ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጣሪያና ቧንቧ ከተሠራበት በኋላ ነው ካንሰር ማምጣቱ ዓለምን ያስማማው። ቀድሞ የታመመውም የሚያመርተው ሠራተኛ ነበር። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድንም ውሰድ። ከረሜላና ማስቲካ ለማንጣት ለዓመታት ሲጨመር የኖረ ዱቄት ነው፣ ከፊሉም ናኖ መጠን አለው። በ2021 የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ከእንግዲህ ለምግብ ደኅና ነው ማለት አልችልም አለ። በ2022 በአውሮፓ ኅብረት ምግብ ውስጥ እንዳይጨመር ታገደ። ያበቃለት ነው ማለት አይደለም፤ ቀለምና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ውስጥ አሁንም አለ። ስለዚህ «ናኖ ጎጂ ነው ወይስ አይደለም?» ተብሎ በደፈናው አይጠየቅም። የቱ ናኖ፣ በምን መጠን፣ በየት በኩል ገባ፣ በሳንባ ነው ወይስ በቆዳ?

እኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። አባትህ ጠርሙሱን ቢገዙ ፈቅደው ነው። ማሳው ዳር ቀፎ የሰቀለው ጎረቤት ግን አልፈቀደም። ኑግ ሲያብብ የሚረጭ ነገር ንብ ላይ ምን እንደሚያደርስ የአረም መድኃኒት በደንብ አስተምሮናል። አሁን ደግሞ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ከአበባ ዱቄት ጋር ወደ ቀፎ ሊገቡ ይችላሉ። የሚረጨው ልጅ አፉን በነጠላው እንኳ ሳይሸፍን መርጫውን አዝሎ ይውላል። ከዚያ መርጫውን ወንዝ ወርዶ ያጥባል። ጠርሙሱስ? ታጥቦ የዘይት መያዣ ይሆናል። የአደጋ ግምገማ ሲሠራ ይህ ሁሉ ከነመልኩ መግባት አለበት። ጓንትና ጭንብል ያደረገ ሰው ብቻ ታስቦ የተጻፈ መመሪያ ለቢቸና አይሆንም።

የራሴንም ሙያ ልንካው። በየዩኒቨርሲቲዎቻችን ናኖ የሚያጠና ተማሪ በብዛት የሚሠራው ብር ነው፣ የብር ናኖ ቅንጣት። ግራዋ ቀቅለህ ውኃውን ታጠልልና የብር ናይትሬት ሟሟ ላይ ታፈሳለህ። ጥርት ያለው ፈሳሽ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ቡና ይለወጣል። ደስ ይላል። ባክቴሪያ የዘራህበት ሳህን ላይ ብትጨምረው ባክቴሪያው ይሞታል። ጽሑፉ ይታተማል፣ ተማሪው ይመረቃል። ብሩ ዓሣውን ምን ያደርገዋል፣ ጣና ቢገባስ፣ የሚለውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ብር ጠቃሚ ባክቴሪያና ጎጂ ባክቴሪያ አይለይም። ግራዋ ለምን እንደሚጠቅም መጀመሪያ ያወቁት እናቶቻችንም ጽሑፉ ላይ ስማቸው አይነሳም።

የባለቤትነት ነገር ሲነሳ ጤፍን አስታውስ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ አውሮፓ ውስጥ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ይዞ ነበር። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት እዚህ ውስጥ አዲስ ፈጠራ የለም ብሎ ሻረው፣ ያውም ውሳኔው የሠራው ለሆላንድ ብቻ ነው። ነገ ለጤፍ የሚሆን ናኖ ነገር ቢሠራ መብቱ የማን እንደሚሆን ከአሁኑ መነጋገር አለብን። የካላዛሩ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ውድ ስለሆነ አምራቹ ኩባንያ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በልግስና ሲሰጥ ቆይቷል። ተመስገን ነው። ግን የሰሊጥ አጫጅ ነፍስ በሌላ አገር ኩባንያ ደግነት ላይ የተንጠለጠለች መሆኗ እንቅልፍ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ስለዚህ መሞከር በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ ያለው ሙከራ መሆኑ ሳይነገር በገበሬው ገንዘብና በገበሬው ማሳ ሲሞከር ነው። ሰው ዕውቀቱን ይዞ መጥቶ «በኔ ወጪ ልሞክር፣ ምርት ከቀነሰ እኔ እከፍላለሁ» ካለ በሩ ይከፈትለት።

ለአባትህ የምትነግራቸውን ልንገርህ። ነጋዴው የምዝገባ ወረቀቱን ያሳይ። ጠርሙሱ ውስጥ ስንት በመቶ ምን እንዳለ በጽሑፍ ይናገር። «ሚስጥር ነው» ካለ እዚያው ይለያዩ። የግድ መሞከር ካማራቸው ጥማዱን ሙሉ አይስጡት። ከአንድ ማሳ ሦስት እኩል መደብ ይለዩ። በአንዱ እንደወትሮው ሙሉ ዩሪያ፣ በሁለተኛው ግማሽ ዩሪያና ጠርሙሱ፣ በሦስተኛው ግማሽ ዩሪያና ውኃ ብቻ። ሦስተኛውን ሻጮች አይወዱትም፤ ጠርሙሱ ከውኃ መሻሉን የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው። ለየብቻ ይታጨድ፣ ለየብቻ ይወቃ፣ ይመዘን። በዓይን ልምላሜ አይፈረድ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ቢጠሩት ይጠቅማል፣ የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልንም መጠየቅ ይቻላል።

ዩሪያውን ለመቆጠብ ደግሞ ናኖ የማያስፈልገው መንገድ አለ። አንድ ጊዜ ከመበተን ከፋፍሎ መስጠት፣ አፈሩ እርጥበት ሲኖረው እንጂ ከባድ ዝናብ ሊመጣ ሲል አለመበተን፣ ጥቁር አፈሩን ማጠንፈፍ፣ ፍጉን ለማገዶ ከማዋል ለማሳው ማስቀረት፣ ባቄላን ወይም ግብጦን ማፈራረቅ። አባትህ አብዛኛውን ከኔ በፊት ያውቁታል።

የጠርሙሱን ፎቶ ከፊትም ከኋላም አንስተህ ብትልክልኝ ምን እንደያዘ አይቼ እመልስልሃለሁ። ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውም እንዲታይ አድርገህ አንሳው፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚደበቀው።